የበላነው እህል የት ይገባል?



የዛሬው ንግግሬ ስለ ምግብ ነው። የምጀምረው ግን ከከሰል ነው፤ ምክንያቱን ወዲያው ታዩታላችሁ።

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ የሚያመጣው አስፋልት ፋግታ ለኮማን ሲያቋርጥ ግራና ቀኙ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ነው። ገበሬው ችግኙን በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ያስገባዋል። ጤፉን ያጭዳል፤ በተከታዩ ዓመት ከዛፉ ሥር የበቀለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ ዛፉ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ያከስለዋል። ከአንድ ማሳ እህል፣ ሣርና እንጨት ወጣ። እህሉን ሰው በላው፣ ሣሩን ከብት ጋጠው፣ እንጨቱን እሳት በላው። በኬሚስትሪ ዓይን ካየነው ሦስቱም የበሉት አንድ ነገር ነው።

ቅጠል ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከሥሩ ውሃ ይወስድና በፀሐይ ብርሃን ኃይል ግሉኮስ የሚባል ስኳር ይሠራል። ጤፉ ይህን ግሉኮስ ሰንሰለት አድርጎ በፍሬው ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ስሙ ስታርች ነው። ሣሩና ዛፉ ደግሞ አገዳና ግንድ ይሠሩበታል፤ ያኛው ሴሉሎስ ይባላል። ሁለቱም ከግሉኮስ በቀር ሌላ ነገር የለባቸውም፤ የሚለያዩት አንዱ ግሉኮስ ከሚቀጥለው ጋር በተያያዘበት አቅጣጫ ብቻ ነው። የሰው አንጀት የስታርቹን ማያያዣ መፍታት ይችላል፣ የሴሉሎሱን አይችልም። ለዚህ ነው በእህል ጠግበን የምናድረው፣ በሣር መካከል ግን የምንራበው።

ፈረስስ? እዚህ እንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 የሚወጣውን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ስንት ትውልድ ጋለበ። ፈረሱ ራሱም ሴሉሎስን መፍታት አይችልም። የሚፈቱለት በትልቁ አንጀቱ መነሻ ላይ ባለው ሰፊ ከረጢት የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው፤ እነሱ ከሣሩ የሚያወጡትን ቅባት አሲድ እሱ ይጠቀምበታል። ጋላቢው ግን እንጀራውን እንዲህ ያለ ረዳት ሳያስፈልገው ይፈታል። ሜዳው ላይ ወጥተው ሲያፈተልኩ፣ ያች ቅጽበት የምትጠይቀውን ኃይል ሁለቱም የሚያወጡት በጡንቻቸው ውስጥ ካስቀመጡት ስኳር ነው።

አሁን ወደ ከሰሉ ልመለስ። በ1780ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ፈረንሳዊው ላቮዚየ ከባልደረባው ከላፕላስ ጋር ሆኖ ጊኒ ፒግ የምትባል ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠ። ከሰውነቷ የሚወጣው ሙቀት ምን ያህል በረዶ እንዳቀለጠ ለካ፤ ከዚያ ከሰል አንድዶ ያንኑ ለካ። እንስሳዋ ከምታስወጣው አየርና ከከሰሉ ጭስ አንጻር ሲያወዳድረው ሁለቱ ተቀራረቡ። መተንፈስ ዝግ ያለ መንደድ ነው ብሎ ደመደመ፤ በዋናው ነገር ትክክል ነበረ። ግሉኮስ በምድጃም በሰውም ውስጥ ሲያልቅ የሚቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ነው። ሰውነታችን ከአንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወደ 4 ኪሎ ካሎሪ ያገኛል። እሳቱ ኃይሉን ባንዴ ሙቀት አድርጎ ይበትነዋል። እኛ ግን በ37 ዲግሪ፣ ያለ ነበልባል፣ በብዙ ትንንሽ እርምጃ እናወጣዋለን፤ በየእርምጃውም ጥቂት ጥቂት ለሥራ እናስቀራለን። የዛሬው ንግግሬ ስለ እነዚያ እርምጃዎች ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ የሚጀመረው አፍ ውስጥ ነው። ስለ እሱ ከእኔ ይልቅ ጠላ ጠማቂ እናቶች ያውቃሉ። ገብስ ይዘፈዘፋል፣ ይሸፈናል፣ ያቆጠቁጣል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፤ ብቅል ሆነ። ብቅል ወደ አፉ ያደረገ ሰው ከገብሱ ይልቅ እንደሚጣፍጥ ያውቃል። ምን ሆኖ ጣፈጠ? ዘሩ ሲበቅል ለቡቃያው ምግብ ያስፈልገዋልና ስታርቹን ወደ ስኳር የሚሰባብር ኢንዛይም ይሠራል። ፓየንና ፐርሶዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ይህን ነገር በ1833 እ.ኤ.አ. ከብቅል ለይተው አወጡት፤ በሳይንስ ታሪክ ተለይቶ የታወቀው የመጀመሪያው ኢንዛይም እሱ ነው። ኢንዛይም የሚባለው ታላቅ የዕውቀት ዘርፍ የተጀመረው የእኛ ሴቶች በየጓዳው ከሚያሰጡት ነገር ነው ማለት ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

የዚያ ኢንዛይም ዘመድ በምራቃችን ውስጥ አለ፤ አሚሌዝ ይባላል። ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ቁራሽ ዳቦ አፋችሁ ውስጥ አድርጋችሁ ሳትውጡ አንድ ሁለት ደቂቃ አላምጡት፤ መጣፈጥ ይጀምራል። ስኳር ማንም አልጨመረበትም። ምግቡ ጨጓራ ሲደርስ አሲዱ የምራቁን ኢንዛይም ያስቆመዋል። ሥራውን የሚቀጥለው ቆሽት ነው፤ ብዙ አሚሌዝ ወደ ትንሹ አንጀት ይልካል፤ የቀሩትን አጫጭር ቁርጥራጮች የአንጀቱ ግድግዳ ራሱ ይጨርሳቸዋል። በመጨረሻ ወደ ደም የሚገባው ነጠላ ግሉኮስ ነው፤ ከፍራፍሬና ከማር ፍሩክቶስ፣ ከወተት ጋላክቶስ ይጨመርበታል።

ማብሰልም የዚሁ ሥራ አካል ነው። ጥሬ ስታርች ጥቅጥቅ ያለ ቅንጣት ነው፤ ኢንዛይም በቀላሉ አይደርስበትም። ውሃና ሙቀት ሲያገኝ ያብጣል፣ ይፈታል። እንጀራ ስትጋግሩ ከሊጡ ቀንሳችሁ በፈላ ውሃ አብሲት የምትጥሉት ይህንኑ እያደረጋችሁ ነው። የተፈታው ስታርች ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከፊሉ መልሶ ይጣበቃል። ስለዚህ ተቀቅሎ ያደረ ድንች ከትኩሱ ድንች ይልቅ ዝግ ብሎ ይፈጫል፤ ጥቂቱም ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል። ለአዊ ደጋ ሰው ይህን መናገር ጥሩ ነው፣ ድንች ዛሬ የዚህ አገር ዋና ነገር ሆኗልና። ወደ ኢትዮጵያ የገባው ግን በ1858 እ.ኤ.አ. ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ እጅ እንደሆነ ይጻፋል፤ ከገብስ ጋር ሲተያይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው።

ገብሱ የራሱ ጠባይ አለው። ቤታ ግሉካን የሚባል የሚያሙለጨልጭ አሰር ስላለበት ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ዝግ እያለ ነው። በሶ ለመንገደኛና ለዘማች ስንቅ ሆኖ የኖረው ቀላልና የማይበላሽ ስለሆነ ነው፤ ረጅም ሰዓት መያዙም አንድ ምክንያት ይመስለኛል። ግብጦን ከዚህ መዝገብ አውጡት። ግብጦ ስታርቹ እጅግ ትንሽ ነው፤ ምሬቱ እስኪወጣ ቀናት ውሃ ውስጥ የሚቀመጠው ይህ ጥራጥሬ ባለ ፕሮቲን ነው።

እንግዲህ ስኳሩ ደም ውስጥ ገባ። በአንድ ጤነኛ አዋቂ ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ግሉኮስ ስንት ይመስላችኋል? ወደ 5 ግራም ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር። በምሳ ላይ አንድ እንጀራ ስንበላ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ግሉኮስ በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ወደ ደም ይገባል፤ ደሙ ግን ጥቂት ከፍ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሌላው የት ሄደ? የንግግሬ ጥያቄ ይህ ነው፤ እኔ እንደማየው የስኳር በሽታም ጥያቄ ይኸው ነው።

የሚያስተዳድረው ቆሽት ነው። ስኳሩ ከፍ ሲል ኢንሱሊን ይለቃል፤ ዝቅ ሲል ግሉካጎን የሚባለውን ሌላ ሆርሞን። በኢንሱሊን ትእዛዝ ጉበትና ጡንቻ ግሉኮሱን እንደገና ሰንሰለት አድርገው ያስቀምጡታል፤ ይህ የእኛ ስታርች ነው፣ ግላይኮጅን ይባላል። ጉበት ወደ 100 ግራም ይይዛል፤ የመላው ሰውነት ጡንቻ 400 ግራም ገደማ። ሁለቱን ጎተራ ብትሏቸው ልዩነታቸውን በደንብ ታዩታላችሁ። የጉበቱ የመላው ቤተሰብ ጎተራ ነው፤ ደሙ ሲጎድል ለሁሉም ይሰፍራል። የጡንቻው ግን የግሉ ነው። ያስገባውን ለራሱ ይሠራበታል እንጂ ነጠላ ግሉኮስ አድርጎ ወደ ደም አይመልስም፤ ለዚያ የሚያስፈልገው አንድ ኢንዛይም የለውም።

የጉበቱን ምስጢር ያገኘው ፈረንሳዊው ሊቅ ክሎድ በርናር ነው። ስኳር የሚባል ነገር ሳይሰጠው በሥጋ ብቻ በኖረ ውሻ ላይ ከጉበት በሚወጣው ደም ውስጥ ስኳር አገኘ። ከዚያ በፊት ስኳር የሚሠራው ዕፅዋት ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በ1857 እ.ኤ.አ. ግላይኮጅንን ለይቶ አወጣው።

የበርናርን ግኝት በራሱ ሰውነት በየዓመቱ የሚያየው ጿሚ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ የበላ ሰው በዐቢይ ጾም እስከ ነገ 9 ሰዓት ሲቆይ 19 ሰዓት ይሆናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንጎል አያርፍም። ከክብደታችን 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ተቀምጠን ሳለ ከምናወጣው ኃይል አንድ አምስተኛውን ይወስዳል፤ በቀን 120 ግራም ግሉኮስ ይፈልጋል። ቀይ የደም ህዋሳት ደግሞ ከግሉኮስ በቀር በምንም አይኖሩም። የጉበቱ 100 ግራም ሌሊቱን እየጎደለ ይሄዳል፤ ጠዋት ላይ ብዙው አልቋል። ያን ጊዜ ጉበት ግሉኮስ መሥራት ይጀምራል፦ ጡንቻ ከሚለቀው ላክቴት፣ ከቅባት ከሚወጣው ግሊሰሮል፣ ከፕሮቲን ቁርጥራጭ። ሌላው ሰውነት ወደ ቅባት ይዞርና ግሉኮሱን ለአንጎል ይተዋል። ጾሙ ሳይፈታ ቀናት ቢቀጥል አንጎልም ከቅባት በሚሠራው ኪቶን መደጎም ይጀምራል፤ 9 ሰዓት ላይ የሚበላ ጿሚ ግን እዚያ ብዙም አይደርስም። የሮመዳን ጿሚም ሥርዓቱ ይኸው ነው፤ ሰዓቱ ብቻ ተገለበጠ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የስኳር መድኃኒት የሚውጥ ሰው ግን ደሙ ያለ ልክ ሊወርድበት ይችላልና ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

አሁን በሰኔ ወደሚያርሰው ገበሬ እንሂድ። በጡንቻው ህዋስ ውስጥ አንዱ ግሉኮስ በአሥር እርምጃ ለሁለት ይከፈላል። ለዚህ ኦክስጅን አያስፈልግም። ትርፉ ግን ኤቲፒ የሚባለው የኃይል ሞለኪውል ሁለት ብቻ ነው። ሁለቱ ክፋዮች ሚቶኮንድሪያ ወደሚባለው የህዋሱ ክፍል ገብተው ከኦክስጅን ጋር ሲጨርሱ ድምሩ 30 ገደማ ይደርሳል። የዚህን መካከለኛ ዙር ሐንስ ክሬብስ በ1937 እ.ኤ.አ. አስረዳ፤ ለዚያም በ1953 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመ። ኤቲፒ አይከማችም፤ በማንኛውም ቅጽበት በሰውነታችን ያለው ከ100 ግራም አይበልጥም፤ እየተሠራ እየተበላ ግን በቀን የሰውየውን ክብደት የሚያህል ያልፋል። ሞፈር ጨብጦ ቀኑን ሙሉ የሚሄድ ሰው ጡንቻው አየር ይበቃዋልና ስኳሩንም ቅባቱንም እስከ መጨረሻው ይጠቀማል። ጎረምሳው በሩጫ ሲፈተለክ አየሩ አይደርስለትም፤ በሁለቱ ኤቲፒ ይሮጣል፣ ላክቴት ይከማቻል። ላክቴትን መርዝ የሚሉ አሉ፤ አይደለም። ጉበት ይሰበስበውና መልሶ ግሉኮስ ያደርገዋል። ይህን ዙር ያገኙት ባልና ሚስቱ ካርልና ጌርቲ ኮሪ ነበሩ፤ በ1947 እ.ኤ.አ. አብረው ኖቤል ተሸለሙ።

ለማራቶን ሯጮቻችን ሒሳቡን እናስላ። 500 ግራም ግላይኮጅን በ4 ሲባዛ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ነው። ሯጭ በየኪሎ ሜትሩ ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ ወደ 1 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል፤ 55 ኪሎ የምትመዝን ሯጭ ለ42 ኪሎ ሜትር ከ2,300 በላይ ያስፈልጋታል። ከቅባት ካልተጨመረ፣ በመንገድም ካልጠጣች አይበቃትም፤ 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ እግር ድንገት እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ትዕግስት አሰፋ በ2023 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትገባ እግሯን ብቻ አልነበረም ያሠለጠነችው፤ ጉበቷና አንጀቷም ሠልጥነው ነበር።

ከሁሉ የምወደው ሙከራ ግን ስዊድን ውስጥ የተደረገው ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. በርግስትሮምና ሁልትማን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በአንድ የሙከራ ብስክሌት ላይ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። እያንዳንዳቸው በአንድ እግራቸው ብቻ እስኪዝሉ ድረስ ነዱ፤ ሌላው እግር አረፈ። ከዚያ ሦስት ቀን ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብ በሉ፤ ከሁለቱም እግሮቻቸው ጡንቻ በመርፌ እየወሰዱ መረመሩ። አንድ አፍ፣ አንድ ሆድ፣ አንድ ደም፣ አንድ ኢንሱሊን ነው። በሠራው እግር ውስጥ ግን ግላይኮጅኑ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ያረፈው እግር ብዙም አልተለወጠም።

ይህን ሙከራ ልብ በሉልኝ፤ ዛሬ የመጣሁበት ነገር እዚህ ላይ ነው። ሰሞኑን በየስልኩ «ካርቦሃይድሬት ገዳይ ነው» የሚል ምክር ይዞራል፤ እንጀራ አቁሙ፣ ድንች አትንኩ ይባላል። አያቶቻችን ከገብስ፣ ከጤፍና ከዳጉሳ በቀር ብዙ ነገር ሳያገኙ ኖረዋል፤ የበሉት ግን ወደ ሠራ ጡንቻ ይገባ ነበር። ጡንቻ ሲሠራ ግሉኮስ የሚያስገቡ ፕሮቲኖች ከህዋሱ ውስጥ ወደ ሽፋኑ ይወጣሉ፤ ኢንሱሊን ባይኖር እንኳ ስኳሩን ይወስዳሉ። ከሥራው በኋላም ጡንቻው ለብዙ ሰዓት ኢንሱሊንን በቀላሉ ይሰማል። ቀኑን ሙሉ በተቀመጠ ሰው ላይ ግን የጡንቻው ቦታ ትናንት እንደሞላ ነው። ስኳሩ ቦታ ያጣል፤ ቆሽት ኢንሱሊን ይጨምራል፤ ትርፉ ወደ ቅባት ይሄዳል፤ ቅባቱ በጉበትና በጡንቻ ሲያድር ኢንሱሊኑ ይበልጥ የማይሰማ ይሆናል፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ቆሽት ይደክማል። ዓይነት 2 የሚባለው ስኳር ብዙውን ጊዜ መንገዱ ይህ ነው።

ለስላሳ መጠጥን ግን አልከላከልለትም። አንድ ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይይዛል፤ አሰር የለው፣ ማላመጥ አይፈልግ፣ ባንዴ ደም ውስጥ ነው። ከባጃጅ ላይ ወርዶ ቢሮ ገብቶ የሚቀመጥ፣ ምሳውን በለስላሳ የሚያወርድ የእንጅባራ ወጣት ከእራት በኋላ በእግሩ ወደ ኮሶበር ገበያ ደርሶ ቢመለስ፣ ያ የግማሽ ሰዓት መንገድ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር እንደሚያወርደው በተደጋጋሚ ተለክቷል።

እስካሁን የተናገርኩት ግን ለጠገበው ሰው ነው። በክልላችን ሌላ ዓይነት ታማሚ አለ፤ እሱን ሳላነሳ ብወርድ ንግግሬ ጎዶሎ ይሆናል።

በ2009 እ.ኤ.አ. ፕሮፌሰር ሺታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ጎንደርን መነሻ ባደረገ ጥናት በገጠር የስኳር ታማሚዎች ላይ ያዩትን አሳተሙ። ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ብዙዎቹ ድሃ ገበሬዎች ነበሩ፤ ቀጫጭን፣ አብዛኞቹ ወንዶች። ለስላሳም ጮማም አያውቁም፤ ወንበርም አላለሰለሳቸውም። ተመራማሪዎቹ ያነሱት ጥያቄ በልጅነትና በእናት ማኅፀን የተገኘ የምግብ እጦት ቆሽቱን ገና ሳይጎለብት አዳክሞት ይሆን የሚል ነው። ጥያቄው አዲስ አልነበረም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ የሚል ክፍል ለብቻው አውጥቶ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. መልሶ ሠርዞት ነበር። በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ግን ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ ባደረገው ጉባኤ «ዓይነት 5» የሚል ስም ሰጥቶ ተቀበለው። ክርክሩ አላለቀም፤ ራሱን የቻለ በሽታ ስለመሆኑ የማይስማሙ ሐኪሞች አሉ።

ለእነዚህ ሰዎች የስኳሩ ሒሳብ ተገልብጧል። ጡንቻቸው ባዶ ነው፣ እህል ይጠብቃል፤ ግሉኮሱ ደማቸው ውስጥ ሞልቷል፤ የሚያስገባው ኢንሱሊን ግን የለም ወይም አነሰ። የደሙ ስኳር ከ180 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በላይ ሲሆን ኩላሊት መያዝ ያቅተዋል፤ ስኳሩ ውሃውን እየጎተተ በሽንት ይወጣል። ሰውየው ይጠማዋል፣ ሌሊት ደጋግሞ ይነሣል፣ እየበላ ይከሳል። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት፣ ማለትም ቶሮንቶ ውስጥ በጥር 1922 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ልጅ ከመወጋቱ በፊት፣ የዚህ መጨረሻው ሞት ነበር።

በየቤታችሁ፣ በየጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ከሲታ ወጣት ካለ «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው፣ እሱን አይነካውም» አትበሉት። ከጣቱ ጫፍ አንድ ጠብታ ደም አስመርምሩት፤ በዳንግላም በእንጅባራም ሆስፒታል ይሠራል፣ ውጤቱም በደቂቃ ውስጥ ይታወቃል። ጊዜ ስላለን አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ፤ ከኋላ ከተቀመጡት አባቶች ብንጀምር ደስ ይለኛል።